ከሥሩ ያለው ቁጥር

ቬርና ሃውታላ ሳውናዋን፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቷን፣ ካነደደች አራት ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አባቷ ከጥድ ግንድ የሠራው ቤት አሁንም ከጓሮዋ ቆሟል፤ ምድጃው ደህና ነው፤ የበርች ዛፍ ማገዶውም ተፈልጦ በረድፍ ተደርድሯል። ነገር ግን በዚያ ሰፈር ሰው ለብቻው ሳውና አይገባም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአንዱ ቤት ሳውና ይነዳል፣ ጎረቤቱ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ይመጣል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ተራው የሌላው ነው። ቬርናን የሚጠራት ጠፋ። እሷ ስትጠራም የሚመጣ ጠፋ። ቅዳሜ ቅዳሜ በመስኮት ቆማ ጭሱ ከየትኛው ጣሪያ እንደሚወጣ ታያለች፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከአርቪድ ሲፖላና ከሚስቱ ከኤልቪ ቤት ነበር፤ አጥራቸው ከአጥሯ የሚገናኝ ጎረቤቶቿ ናቸው። ያኔ ጥርሷን ነክሳ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ቂም የምትይዝ ሴት ናት። ይህን ራሷም አትደብቅም። ሌላው ሰው እንጆሪ በማሰሮ እንደሚያስቀምጥ እሷ ቂም ታስቀምጣለች፣ ቀኑን ከላዩ ጽፋ።

ጥፋቷ ነው የተባለው ነገር እንዲህ ነበር። ቬርና ለሃያ ስድስት ዓመት የሠራችው በኮስኬላ የእንጨት መሰንጠቂያ ቢሮ ውስጥ ነው። መሰንጠቂያው ሰማንያ ስድስት ሠራተኞች ነበሩት። ያን ያህል ሰው ያለው ድርጅት በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ በኮምፒውተር አንድ መግለጫ ይልካል፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በየወሩ የጤና መድን አቅርቦለት እንደሆነና እንዳልሆነ የሚናገር መግለጫ። ግብር የሚከፈልበት ወረቀት አይደለም፤ እውነቱን የሚያስታውቅ ብቻ ነው። ሆኖም በዚያ ወረቀት ላይ የሰፈረች አንዲት ምልክት የሰው ኑሮ ትገለብጣለች።

በዚያ ዓመት የመሰንጠቂያው ባለቤት ዱዌይን ኮስኬላ የሌሊት ፈረቃ ዘጠኝ ሰዎችን መድን «ለጊዜው ነው» ብሎ ከጃንዋሪ እስከ ማርች አቋረጠባቸው። ሰዎቹ በመንግሥት እርዳታ ለራሳቸው መድን ገዙ። ቬርና የዓመቱን መግለጫ ስትልክ ያየችውን ጻፈች፤ ለዘጠኙ ሰዎች ለሦስት ወር «አልቀረበም»። ከዚያ ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ተደርጋ ሁለት ሳምንት ተኛች። ተመልሳም እንደ ወትሮዋ ሥራዋን ቀጠለች።

ዓመት ሳይሞላ ለዘጠኙም ደብዳቤ ደረሳቸው። መሥሪያ ቤታችሁ ዓመቱን ሙሉ መድን አቅርቦላችሁ ሳለ የመንግሥት እርዳታ ወስዳችኋልና መልሱ ይላል። አርቪድ ከዘጠኙ አንዱ ነበር፤ አባቱ ያወረሰውን የዓሣ ጀልባ ሸጠ። ሰዎቹ ተሰብስበው ቢሮ ሲመጡ ዱዌይን ዓይኑን ሳያሽ «ቬርና ናት የተሳሳተችው» አለ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሠራተኞች የመግቢያና የመውጫ ሰዓታቸውን ከሚፈርሙበት ቦታ አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ቸነከረ፤ ወይዘሮ ቬርና ሃውታላ በፈጸመችው ከባድ ስህተት ምክንያት ከሥራ ተሰናብታለች። የኮምፒውተር መግቢያዋም ወዲያው ተዘጋ። እሷ «እኔ የላክሁት እንዲህ አይደለም» ብላ ጮኸች። ማስረጃ ግን አልነበራትም። ያላት አረንጓዴ ደብተር ብቻ ነበር፣ የላከችውን ሁሉ የመቀበያ ቁጥር በንጹሕ እጅ ጽሑፍ የመዘገበችበት፤ እሱም ቢሮ ቀርቷል።

አርቪድ ያን ቀን በአጠገቧ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላያትም። ከዚያ በኋላም አላያትም።

ቬርና ወደ ቤቷ ገባች። በወጥ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ ኮምፒውተር አስቀምጣ ለትንንሽ ነጋዴዎች እንዲህ ያሉ መግለጫዎችን መላክ ጀመረች። የግብር መሥሪያ ቤቱን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አነበበች፤ በየዓመቱ አዲሱ ሲወጣ ከአሮጌው ጎን ለጎን አድርጋ የተለወጠውን ቃል በቀይ ታሰምርበታለች። ሰው ይህን ለእንጀራ ብሎ ይሠራ ይሆናል። እሷ ግን አንድ ቀን እንደሚጠቅማት እያሰበች ነበር የምታነበው። እንዴት እንደሚጠቅማት አታውቅም፤ ግን ታነባለች።

በኤፕሪል መጀመሪያ፣ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ማክሰኞ፣ በሯ ተንኳኳ። ካርሊን ፔልቶ ነበረች፤ በቬርና ቦታ የገባችው የቢሮ ሠራተኛ። የአርባ ሁለት ዓመት ሴት ናት፤ ከዚያ በፊት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳ ነበር። በብብቷ ወፍራም አቃፊ ይዛለች።

«ወይዘሮ ሃውታላ፣ በሩን ከመዝጋትዎ በፊት አንድ ደቂቃ ይስጡኝ።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም። ዱዌይን እዚህ መምጣቴን ቢያውቅ ወደ አውቶቡሴ ይመልሰኛል።»

«አውቶቡሱ ይሻልሽ ነበር። እዚያ ቢያንስ ያስቸገረሽን ታወርጂዋለሽ።»

ካርሊን ልትስቅ አሰበችና የቬርናን ፊት አይታ ተወችው። ቬርና ከበሩ ገለል አለች። ቡና ላፍላልሽ አላለቻትም፤ በዚያ አገር ይህ በሩን ከመዝጋት ብዙም አይሻልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘጠኙ ሰዎች ዝም አላሉም፤ ጠበቃ ይዘው ለግብር መሥሪያ ቤቱ ሲጽፉ ከርመው ነበር። አሁን ለመሰንጠቂያው ደብዳቤ መጥቷል፤ የዘጠኙን መግለጫ እስከ ወሩ መጨረሻ አርማችሁ ላኩ፣ አለዚያ መርማሪ ይመጣል። ዱዌይን ለካርሊን «አርሚና ላኪ» አላት። እሷም ላከች። ሦስት ጊዜ ላከች፣ ሦስቱንም ጊዜ ውድቅ ተብሎ ተመለሰባት።

«እንቅልፍ አጥቻለሁ» አለች ካርሊን። «አርባ ልጅ ጭኜ በበረዶ ስነዳ እንዲህ አልተጨነቅሁም። ምን እንዳጠፋሁ ብቻ ይንገሩኝ።»

ቬርና ዱዌይን ተቸገረ የሚለውን ስትሰማ ሆዷ ውስጥ ደስ የሚል ሙቀት ተሰማት። ወረቀቱን ባትነካው፣ «ሂጂ» ብትላት፣ በወሩ መጨረሻ መርማሪው ይመጣል። ይህን እያሰበች እጇ ግን አቃፊውን ከፍቶት ነበር። ውድቅ የሆነ ፋይል አይታ ዝም ማለት አትችልም። ሐኪም ሰው ሲያነክስ አይቶ ዓይኑን እንደማይመልሰው ነው።

«አንድ በአንድ እንሂድ» አለች፣ ድምፅዋ ሳታውቀው እየለሰለሰ። «የመጀመሪያውን እንዴት ላክሽው?»

«ምትክ ብዬ። ያለፈውን ጠቅላላ ፋይል በአዲስ ለመተካት።»

«አየሽ፣ እዚህ ጋ። ምትክ የሚላከው ፋይሉ በጠቅላላው አልቀበልም ተብሎ ለተመለሰ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ለቀረ እንግዳ። የእኛ ግን ያኔ ገብቷል፣ ተቀብለውታል። ውስጥ የገባውን መተካት አይቻልም፤ ማረም ነው የሚቻለው። ሁለተኛውስ?»

«ማረሚያ ብዬ ላክሁ። የሚታረመውን መዝገብ ቁጥር ግን አልጻፍሁም።»

«ጥሩ ስህተት ነው!» ቬርና ወንበሯን አስጠጋች። «ሁሉም አንድ ጊዜ ይሠራዋል። ማሽኑ የሰማንያ ስድስት ሰው መዝገብ ይዞ ተቀምጧል፤ የትኛውን ነው የማርመው ብሎ ይጠይቅሻል። ቁጥሩን ካልነገርሽው አያውቅም። ሦስተኛው?»

«ሦስተኛው ነው ያሳበደኝ። ቁጥሩን ጻፍሁ። ከእርስዎ ደብተር ላይ ነው የገለበጥሁት፤ ከአረንጓዴው። እሱም ውድቅ ሆነ። አንድ አኃዝ ሳልስት አልቀረሁም።»

ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች። ቬርና አራት ዓመት ያላየችውን ደብተሯን አገላብጣ አየች፤ ጠርዙ ላይ የራሷ የቡና እድፍ አለ። ማስመሪያ አመጣች። ማስመሪያውን ከቁጥሩ ሥር አድርጋ፣ በግራ እጇ ጣት ካርሊን የላከችውን፣ በቀኝ እጇ ጣት ደብተሩን እየተከተለች፣ የዘጠኙንም ሰዎች ቁጥር እያንዳንዱን አኃዝ እየጠራች አመሳከረች። ግማሽ ሰዓት ወሰደባት። አንድም ስህተት የለም።

«ልክ ነው» አለች።

«እንዴት ልክ ይሆናል? ውድቅ ብለውታል እኮ።»

«ውድቅ ያሉበትን ምክንያት አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ፣ አልገባኝም እንጂ። "ሊታረም የተጠቀሰው መዝገብ በቅርብ ጊዜ ተቀባይነት ያገኘው አይደለም" ይላል።»

ቬርና ወረቀቱን ወሰደችና ራሷ አነበበችው። ከዚያ እንደገና አነበበችው። ካርሊን በኋላ እንደተናገረችው መጀመሪያ የታመመች መስሏት ነበር። ከዚያ ቬርና ሳቀች። አራት ዓመት ሙሉ ያልተሳቀ ሳቅ ነበር፤ ደስ የሚል ድምፅ አልነበረውም።

«ካርሊን፣ ባልሽ የግንድ ማከማቻው ውስጥ አይደል የሚሠራው? የተሳሳተ መለያ ያለበት ግንድ ሲያጋጥመው ምን ያደርጋል?»

«በላዩ ሌላ ይቸነክራል።»

«አሮጌውን ይነቅለዋል?»

«ኧረ! መለያ አይነቀልም። ይህማ የመሰንጠቂያው ሕግ ነው።»

ቬርና ይህን ሕግ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ አባቷ ኤይኖ በዚያው መሰንጠቂያ ግንድ ለኪ ነበር። ግንዱ ሲገባ ለክቶ ቁጥር ያለበት ትንሽ ቆርቆሮ ጫፉ ላይ ይቸነክራል። ልኩ ስህተት ሆኖ ከተገኘ ቆርቆሮው አይነቀልም፤ አዲስ ቆርቆሮ በላዩ ይመታል፣ በአዲሱም ላይ ከሥሩ ያለው ቁጥር ይጻፋል። ሌላ ሰው ደግሞ ያንን ካረመው ሦስተኛውን ይመታና የሁለተኛውን ቁጥር ይጽፍበታል። የመጀመሪያውን ቁጥር አይጽፍም። ምክንያቱም አሁን የሚሸፍነው ሁለተኛውን ነው። እንዲህ ሲሆን ማን መቼ ምን እንደለወጠ ከላይ ወደ ታች ይቆጠራል፣ ማንም ሹልክ ብሎ አንድ ቆርቆሮ በመካከል ማስገባት አይችልም። ቬርና የግብር መሥሪያ ቤቱን መመሪያ መጀመሪያ ስታነብ የወደደችው ለዚህ ነበር፤ የአባቷን መዶሻ አገኘችበት።

«ስለዚህ» አለች ቬርና በቀስታ፣ «አንቺ የጻፍሽው ቁጥር የእኔን መዝገብ ነው። የመጀመሪያውን ቆርቆሮ። ማሽኑ ደግሞ ምን ይልሻል? ይህኛው ላይኛው አይደለም ይልሻል። በእኔና በአንቺ መካከል ሌላ ቆርቆሮ አለ።»

ካርሊን ለጊዜው አልገባትም። ሲገባት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«የእርስዎን መግለጫ ሌላ ሰው አርሞታል።»

«አርሞታል አትበይ። እኔ ትክክሉን ላክሁ፤ ተቀበሉት። ከዚያ ሌላ ሰው በማረሚያ ስም ውሸቱን በላዩ ቸነከረ። እኔ ጉልበቴን ታስሬ አልጋ ላይ ተኝቼ ሳለሁ። ያኔ ከእኔ ሌላ የመግቢያ ቃሉን የሚያውቀው ስንት ሰው ነበር?»

 ዱዌይን ብቻ እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ምክንያቱንም ቬርና ወዲያው አገኘችው። ከሰማንያ ስድስት ሠራተኛ ለዘጠኙ መድን ያላቀረበ ድርጅት ቅጣት አለበት። ዱዌይን ቅጣቱን ሸሸና ዘጠኝ ሰው እንዲከፍል አደረገ፤ ዘጠኙ ሲጮኹ ደግሞ እሷን ሰጣቸው።

ካርሊን ከሄደች በኋላ ቬርና የቤቷን መስኮቶች በሙሉ አጠበች። ስትናደድ መስኮት ታጥባለች። ሁለት መንገድ ነበራት። አንደኛው ዝም ማለት ነው። ወሩ ያልቃል፣ መርማሪው ይመጣል፣ መካከለኛውን ቆርቆሮ ራሱ ያገኘዋል፣ ዱዌይን ይዋረዳል። ይህ በጣም ጣፋጭ ነበር። ችግሩ ምርመራ ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ ያን ጊዜ ሁሉ የዘጠኙ ሰዎች ጉዳይ ታስሮ ይቆያል። የአርቪድን መስኮት በመስኮቷ በኩል እያየች፣ ይቆይበት፣ አለች በልቧ። ሁለት ዓመት ይቆይበት። እኔ አራት ቆይቻለሁ። ጨርቁን ጨመቀችና ያንኑ መስታወት ለሦስተኛ ጊዜ አጠበች።

ከመንገዱ የመለሳት ርኅራኄ አልነበረም። መርማሪው የሚጽፈው በቢሮ ውስጥ፣ ማንም በማያነበው ወረቀት ላይ ነው። እሷ ግን የተዋረደችው በሰሌዳ ላይ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በዚህ ጊዜ ታያት። ማረሚያው እንዲያልፍ የመካከለኛው መዝገብ ቁጥር ያስፈልጋል። ያ ቁጥር ያለው በመቀበያ ወረቀቱ ላይ ነው። ወረቀቱ ያለው ላኪው ዘንድ ነው። በወረቀቱ ላይ ደግሞ የላኪው ስም አለ። ዱዌይን ከመርማሪው ማምለጥ ከፈለገ ያንን ወረቀት በገዛ እጁ አውጥቶ መስጠት አለበት። ከዚህ ሌላ መውጫ የለውም፤ ያበጀችውም እሷ አይደለችም፣ ሕጉ ነው። ቬርና ጨርቁን አስቀምጣ ስልክ ደወለች።

ዱዌይን በማግስቱ ቀትር ላይ መጣ። ስልሳ ዓመት የሆነው፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ኮፍያውን ቤት ውስጥ የማያወልቅ ሰው ነው። ቬርና በረንዳው ላይ ፓስቲዋን እየበላች ጠበቀችው፤ ሥጋና ድንች በሊጥ ተጠቅልሎ የተጋገረ የማዕድን ሠራተኞች ምሳ ነው። ተቀመጥ አላለችውም።

«ካርሊን ነግራሻለች ማለት ነው» አለ።

«ማሽኑ ነው የነገረኝ።»

«ቬርና፣ የድሮ ነገር ነው። ዋጋሽን ንገሪኝና ይለቅ። ሥራሽንም ከፈለግሽ...»

«ሥራዬ አለኝ። የማያሰናብተኝ ሥራ። የመቀበያ ወረቀቱ የት ነው?»

«የምን ወረቀት?»

ቬርና ከፓስቲው አንድ ጉርሻ ቆርሳ በዝግታ አኘከች። «አባትህ መቀበያ ወረቀት መጣል ክልክል ነው እያለ ሲጮህብን ነው ያደግነው፤ አንተም እኔም። የሞተ ውሻህን የክትባት ወረቀት አስቀምጠህ እንደሆነ አውቃለሁ። አምጣው፣ ወይ ደግሞ መርማሪውን ቡና አፍልተህ ጠብቀው።»

ዱዌይን ጭቃውን በጫማው ጫፍ ገፋ። 

«ያኔ ቅጣቱ መሰንጠቂያውን ይዘጋው ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሰማንያ ስድስት ሰው ሥራ ይፈታ ነበር። ለእነሱ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም? "ለእናንተ ብዬ ዋሽቻለሁ" ብትላቸው ያጨበጭቡልህ ነበር።»

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

ነገረችው። ሲሰማ ፊቱ ቀላ፣ «አይሆንም» አለ፣ ከበረንዳው ወርዶ እስከ መኪናው ሄደ፣ በሩን ከፈተ፣ ቆመ። ቬርና ምሳዋን ቀጠለች። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማች፤ ሞተሩ ግን አልተነሣም። ተመልሶ መጣ።

አርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቀኑ ፈረቃ ሲወጣና የማታው ሲገባ ሁሉም በሰዓት መፈረሚያው አጠገብ ያልፋል። ቬርና እዚያ ቆማለች፣ የቤተ ክርስቲያን ካፖርቷን ለብሳ። ካርሊን መዶሻና ምስማር ይዛ ከኋላዋ ናት። ሰዎቹ ቬርናን ሲያዩ ቆሙ፤ አሁን ወደ ቀኑ ፈረቃ የተዛወረው አርቪድም ከመካከላቸው አለ፤ ፀጉሩና ቅንድቡ ላይ የመጋዝ ብናኝ ተነስንሶ።

የኮስኬላ ሰሌዳም እንደ ግንዱ ነው፤ እስከ ዛሬ ከእሱ ላይ ምንም ተነቅሎ አያውቅም፣ በላዩ ይቸነከራል እንጂ። አራት ጣት ያህል ወፍሯል። ዱዌይን በእጁ ያለውን ወረቀት ከላይ ሊመታ ሲል ቬርና አስቆመችው።

«ምንን ነው የምትሸፍነው?»

«ማስታወቂያውን ነዋ።»

«ከላይ ያለው የበረዶ ላይ ሞተር ሳይክል ሽያጭ ማስታወቂያ ነው። ማረሚያ የሚያርመው ላይ መቀመጥ አለበት። ፈልገው።»

አንዱ ከኋላ ሳቀ። ዱዌይን በምስማር መንቀያ አንድ በአንድ ማንሣት ጀመረ። የበረዶ ሞተር ሽያጭ። የጠፋች ድመት።

«ድመቷ ተገኝታለች፣ ዱዌይን!» አለ ከማታው ፈረቃ አንዱ። «አንተም አይዞህ፣ ትገኛለህ!»

የገና ግብዣ። የጆሮ መከላከያ አድርጉ የሚል ማሳሰቢያ። የሦስት ዓመት የዕረፍት ቀን ሰንጠረዥ። ላቡ በኮፍያው ሥር ይወርዳል። የሚሆነውን ባይረዱም ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል፤ ወደ ቤት የሄደ የለም። በመጨረሻ ቢጫ የሆነ ወረቀት ብቅ አለ፤ ወይዘሮ ቬርና ሃውታላ በፈጸመችው ከባድ ስህተት። ቬርና ስታየው አገጯን ቀና አደረገች።

«አሁን አንብበው» አለች፣ በእጁ ያለውን አዲሱን እያሳየች።

ዱዌይን ማዕድ ላይ እንደሚጸልይ ሰው አጉረመረመ። ማንም አልሰማም።

«ውድቅ» አለች ቬርና።

ካርሊን ከኋላ ሳቋን በጓንቷ አፈነች።

«የዘጠኙ ሠራተኞች መግለጫ ላይ» አለ ዱዌይን ከፍ አድርጎ፣ «ከተላከ በኋላ በቢሮው በኩል ለውጥ ተደርጎበት...»

«ውድቅ። ወረቀቱ ላይ እንዲህ አይልም። ለውጥ ተደርጎበት? በማን? መጋዙ ነው የለወጠው?»

አርቪድ ከሰዎቹ መካከል አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ። ከግቢው ማዶ የቅርፊት መላጫ ማሽኑ ድምፅ ብቻ ይሰማል። አንድ ሰው ሄዶ እሱንም አጠፋው።

«ቬርና ሃውታላ ትክክለኛውን መግለጫ ልካለች» አለ ዱዌይን፣ ወረቀቱን ሳያይ። «ከቅጣት ለመዳን የለወጥሁት እኔ ነኝ። እኔ ዱዌይን ኮስኬላ። በእሷ ላይ ያሳበብሁትም እኔ ነኝ።»

ቬርና ትንፋሿን ለቀቀች። «ተቀባይነት አግኝቷል» አለች። «ከሥሩ ያለውን ቁጥር ጻፍበትና ቸንክረው።»

በአሮጌው ወረቀት ጥግ ላይ ያለውን የማስታወቂያ ቁጥር በአዲሱ ላይ ጻፈ፤ መታው። ሁለተኛው ምስማር ጠመመበት። አንዱ ሠራተኛ መዶሻውን ሊያግዘው እጁን ሲዘረጋ ቬርና አየችው፤ እጁን መለሰ። አርቪድ ያንን አላየም፤ የቆመው ዓይኑን ዱዌይን ላይ ተክሎ ነበር፣ ጡጫው ተጨብጦ፣ ጀልባውን እያሰበ።

ከዚያ ቬርና ቢሮ ገብታ በድሮ ወንበሯ ተቀመጠች። ዱዌይን ያመጣውን የመቀበያ ወረቀት ማስመሪያ ሥር አድርጋ፣ ካርሊን እንድትማር ጮክ ብላ እየጠራች፣ ዘጠኙን አዲስ ማረሚያዎች አዘጋጀች፤ እያንዳንዱ የመካከለኛውን ቁጥር የያዘ፣ ሦስቱ ወራት «አልቀረበም» የሚሉ።

«አስተውይ» አለቻት፣ «ማረሚያ ብንልክም የእሱ መዝገብ አይጠፋም። ከሥር ይቀመጣል፣ ከነስሙ፣ ከነቀኑ። ቅጣቱም በዚያው በኩል ያገኘዋል። ይህ ሥርዓት እንዴት እንደሚያምር ይታይሻል?»

«ይታየኛል» አለች ካርሊን። «እርስዎን ማስቀየም ግን አልፈልግም።»

ሰኞ ጠዋት መልሱ መጣ። ዘጠኙም አልፈዋል።

በዚያ ሳምንት አርቪድ ሁለት ጊዜ እስከ አጥሩ መጥቶ ተመለሰ። በሦስተኛው ቬርና ራሷ በሩን ከፈተች።

«ቅዳሜ ሳውናው እኛ ቤት ይነዳል» አለ መሬት መሬት እያየ። «ኤልቪ ነይ ብላሻለች።»

«አልመጣም። ተራው የእኔ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ተራው የእኔ ነበር። እናንተ ትመጣላችሁ።»

ቅዳሜ ቬርና ከቀትር ጀምራ አነደደች። የተደረደረው ማገዶ ደርቆ ደርቆ እንደ ወረቀት ይቀጣጠል ነበር። አርቪድና ሚስቱ ኤልቪ ፎጣቸውን ይዘው ሲገቡ የምድጃው ድንጋዮች ቀልተዋል። ቬርና አርቪድን ከላይኛው ደረጃ አስቀመጠችው፤ ሙቀቱ የሚበረታው እዚያ ነው፤ ለእንግዳ ክብርም ነው ይባላል። በዚያ አገር በጋለው ድንጋይ ላይ ውኃ የሚደፋበት ጭልፋ የባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ጭልፋውን ሳያስቀምጥ እንግዳ ተነሥቶ አይወጣም።

ላባቸውን አወረዱ።

«ያው» አለ አርቪድ፣ «ሁላችንም ያኔ ተታልለን ነበር።»

ቬርና አንድ ጭልፋ ውኃ ድንጋዩ ላይ ደፋች። እንፋሎቱ ጣሪያውን መትቶ በአርቪድ ትከሻ ላይ ወረደ።

«ሁላችን?»

«እ... ዱዌይን ማለቴ ነው፣ እሱ እኮ ምሎ...»

ሌላ ጭልፋ። ኤልቪ ከታችኛው ደረጃ ላይ ሆና «እኔ ነግሬህ ነበር፣ አርቪድ» አለች፣ ፊቷን በፎጣ እየሸፈነች፣ «ያኔም ነግሬህ ነበር።»

አርቪድ ጭንቅላቱን በጉልበቶቹ መካከል ቀበረ። ጀርባው እንደ ተቀቀለ ሸርጣን ቀልቷል።

«አላመንሁሽም» አለ። «ሃያ ሁለት ዓመት አንድ አጥር ተካፍለን አንድ ቀን እንኳ መጥቼ አልጠየቅሁሽም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ቬርና ሰማችው። የፈለገችው ይህን ነበር፣ ቃሉም ትክክል ነበር፤ ማስመሪያ ሥር ብታደርገው አንድ አኃዝ አይጎድለውም።

«ቬርና፣ በቃ?» አለ፣ በአንድ ዓይኑ ጭልፋውን እያየ።

ጭልፋውን አላስቀመጠችም። ባልዲው ውስጥ ገና ግማሽ ውኃ ነበር።